የመርጡለ ማርያም ጥርብ ድንጋዮችና «የማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ



ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው፣ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ቢገነጠል የእነብሴ ሳር ምድር ዋና ከተማ ከሆነችው ከመርጡለ ማርያም ይደርሳል። የከተማዪቱና የደብሩ ስም አንድ ነው። በአነጋገር «መርጦ ለማርያም» የሚሉም ብዙዎች ናቸው፤ የግእዙ ፍቺ ግን የማርያም አዳራሽ እንደ ማለት ነው። በደብሩ ቅጥር ውስጥ የፈረሰ የድንጋይ ሕንፃ ይገኛል። ጣሪያ የለውም። ከግድግዳው የቀረው ግን አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያስቆማል፤ ድንጋዩ ላይ ጽጌያት፣ ጉንጉን ሐረጎችና እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ መስመሮች በጥንቃቄ ተቀርጸዋል።

ይህን ፍርስራሽ ያየ ጎብኚ፣ የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ፣ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ የማን እጅ ነው?» ፖርቱጋሎች ናቸው የሚል አለ፤ ግብፃውያን ናቸው የሚል አለ፤ ህንዶች ናቸው የሚልም አለ። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህ ጥያቄ ያለ ቦታው የተቀመጠ መሆኑን ነው። መጠየቁ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከሌሎች ጥያቄዎች ቀድሞ ስለ ተጠየቀ ሌሎቹን ሁሉ ዘግቷቸዋል።

ዘመናትን ስጠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር፤ የምጠቅሳቸው ምንጮች አብዛኞቹ በዚያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸውና። ደግሞም የደብሩ ትውፊት አመሠራረቱን እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዘመነ ኦሪት ይወስደዋል። ይህን ትውፊት አላቃልለውም፤ የደብሩ አለቃ «ርእሰ ርኡሳን» የሚል ማዕርግ የያዘውም በዚሁ የጥንታዊነት ክብር ነው። የእኔ ንግግር የሚመለከተው ግን ድንጋዮቹን ነው።

ወደ እነርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ለጥቂት ደቂቃ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። የእስያን ታሪክ ሳስተምር ደጋግሜ የምጠቅሰው አንድ መንግሥት አለ። ዛሬ ታይላንድ በምንለው አገር መካከለኛ ሜዳ፣ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ የሞን ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ሕዝብ የቡድሃን ሃይማኖት ተቀብሎ፣ በቦይና በአፈር ቅጥር የተከበቡ ከተሞችን መሥርቶ ይኖር ነበር። መንግሥቱ ድቫራቫቲ ይባላል። ዜና መዋዕል የለውም፤ የነገሥታቱ ተራ አልተጻፈም። ስሙ ራሱ ወደ እኛ የደረሰው በጠባብ በር ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ካወራላቸው አገሮች አንዱ ይኸው መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ በ1943 ደግሞ ናኮን ፓቶም በምትባለው ከተማ የተገኙ ትናንሽ የብር ገንዘቦች በሳንስክሪት ቋንቋ የድቫራቫቲን ጌታ በጎ ሥራ የሚጠቅስ ጽሑፍ ይዘው ተገኙ። የቀረው ምስክር ድንጋይ፣ ጡብና የኖራ ቅርጽ ነው፤ በረጃጅም ዓምዶች ላይ ይተከሉ የነበሩ ግዙፍ የድንጋይ መንኰራኵሮች፣ የቆሙና የተቀመጡ የቡድሃ ሐውልቶች፣ የፈራረሱ ቤተ መቅደሶች።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ጥበብ ያጠኑት ሊቃውንት በአብዛኛው የጠየቁት እኛ የምንጠይቀውን ነው፤ የማን እጅ ነው? መልሱም ቀላል መሰላቸው። ከገላ ጋር የተጣበቀው፣ እጥፋት የሌለው የቡድሃ ልብስ የህንድን የጉፕታ ዘመን ጥበብ ይመስላል፤ ስለዚህ የድቫራቫቲ ጥበብ የህንድ ቅርንጫፍ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ በተለይም ከሞተ በኋላ በ1959 የታተመው የፈረንሳዊው የፒየር ዱፖን ሥራ፣ ሐውልቶቹን አንድ በአንድ እያነጻጸሩ ሲመለከቱ ግን ሌላ ነገር ታየ። ህንዳዊው ቡድሃ ሲያስተምር አንድ እጁን ያነሣል፤ የሞኖች ቡድሃ ሁለቱንም እጆቹን እኩል አንሥቶ በሁለቱም ያንኑ የማስተማር ምልክት ያሳያል። ፊቱ ሰፋ ያለ ነው፤ ቅንድቦቹ ተገጣጥመዋል፤ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ይኸውም የአገሩ ሰው ፊት ነው። የሞን ቀራጭ ከህንድ የተቀበለውን በራሱ ሥርዓት መልሶ አደራጅቶታል። ጥያቄው «ከየት መጣ?» ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሁለተኛይቱ እጅ ሳትታይ በቀረች ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወደ ጎጃም መልሶ ያደርሰናልና። የሞን ትውፊት ሃሪፑንጃያ የተባለችውን የሰሜን ከተማ፣ የዛሬዋን ላምፑንን፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከሎፕቡሪ መጥታ የመሠረተቻት ቻማዴቪ የምትባል ንግሥት ናት ይላል። መነኮሳትንና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን አስከትላ እንደ መጣችም ይተርካል። ይህ ታሪክ በፓሊ ቋንቋ የተጻፈው ግን በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ። እንግዲህ በዚያ አገር ድንጋዩ ከነገሩ ጋር አብሮ ተወልዷል፤ መጽሐፉ ዘግይቶ ደረሰ። በእኛ አገር ግን መጽሐፉ አለ፤ መጽሐፉ ስላለ ድንጋዩን አልጠየቅነውም።

መጽሐፋችን ስለ ንግሥት እሌኒ ምን ይላል? እሌኒ የሀድያ ገራድ የመሐመድ ልጅ ናት። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ቀኝ በዓልቲሐት ተብላ ተሾመች፤ የመንግሥት ስሟም ዣን ዘላ ተባለ። ዐፄ በእደ ማርያም ከ1468 ጀምሮ ሲነግሥ የእናት ያህል አከበራት። የዚሁ ንጉሥ ዜና መዋዕል በሁሉ ነገር የተካነች ነበረች ብሎ ያመሰግናታል፤ በሃይማኖቷና በጸሎቷ፣ በማዕድ ዝግጅት፣ በመጻሕፍት ዕውቀት፣ በሕግና በመንግሥት ጉዳይ። ማዕዱ ከሕጉ መቅደሙን ልብ ይሏል። በ1508 ልብነ ድንግል በልጅነቱ በነገሠ ጊዜ የመንግሥቱን ጉዳይ በሞግዚትነት የያዘችው እርሷ ናት። በ1509 ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ በህንድ በኩል ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እርሷ ናት፤ ይህም መልእክት በ1520 የፖርቱጋል ልዑካን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ምክንያት ሆኗል።

የማነጹን ሥራ የሚነግረን ዜና መዋዕል ሳይሆን የእነዚያ ልዑካን ካህን የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ ጎጃምን አልረገጠም። የጻፈው ከአገሩ ሰው ከፔሮ ዳ ኮቪልያ የሰማውን ነው፤ ኮቪልያ በ1490ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ ተከልክሎ የቀረ ሰው ነበር። ጎጃም በአብዛኛው የንግሥት እሌኒ ግዛት መሆኑን፣ በዚያም ቤተ ክርስቲያን ማሠራቷን፣ መንበሩን እንዴት እንደሚሠሩ ያሳይ ዘንድ ኮቪልያን መላኳን፣ መንበሩም ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ መሞላቱን፣ እርሷም እዚያው መቀበሯን ይነግረናል። ይህች ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም መሆኗን አጥኚዎች ከሞላ ጎደል ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ብዙዎች ይህን ምንባብ ሲያነቡ ኮቪልያን ብቻ ያያሉ፤ «እነሆ፣ ፖርቱጋላዊው ሠራው!» ምንባቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠራች፤ መንበር ፈለገች፤ አንድ ነገር የሚያውቅ የውጭ ሰው ግዛቷ ውስጥ ስለ ነበር ጠርታ አዘዘችው። ወርቁ የጎጃም ነው፤ ጎጃም ወርቅ የሚገብር አገር ነበርና። ኮቪልያ የሚታየው ባለሙያ ሆኖ ነው፤ አሳቢዋ እርሷ ናት። ወራሽ ያልነበራት፣ ከሙስሊም ቤት ወጥታ በክርስቲያን ዙፋን ዙሪያ ስልሳ ዓመት ያህል የቆየች ሴት፣ በራሷ ግዛት፣ ለራሷ መቀበሪያ የሚሆን የማርያምን አዳራሽ ስታሳንጽ ምን ለማለት ፈልጋ ይሆን? «የማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይህን ጥያቄ ከልክሎናል።

ድንጋዮቹ ራሳቸው ወደ መልሱ የሚያደርስ መንገድ አላቸው። መንገዱም ንጽጽር ነው። መርጡለ ማርያም ብቻዋን አይደለችም። በወሎ መካነ ሥላሴ አለች፤ ዐፄ ናዖድ ጀምሯት ልጁ ልብነ ድንግል የፈጸማት፣ በ1531 የተቃጠለች። በሸዋም እንጦጦን ወዲያ አልፎ የሚገኘው የዳይ ጊዮርጊስ ፍርስራሽ አለ። በእነዚህ ስፍራዎች የተገኙት ጥርብ ድንጋዮች ከመርጡለ ማርያም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ጽጌውም፣ ጉንጉኑም፣ ጥልፍልፉም ይመሳሰላል። ይህን ዝምድና ስቲፈን ቤልን የመሳሰሉ አጥኚዎች አመልክተዋል። ትርጉሙ ትልቅ ነው። በ1500 ገደማ በወሎ፣ በሸዋና በጎጃም የሚታወቅ አንድ የቤተ መንግሥት የድንጋይ ጥርበት ሥልት ነበር ማለት ነው። አንድ ሥልት በሦስት አውራጃ ሲገኝ የአንድ መንገደኛ እጅ አይባልም፤ ሥርዓት ነው፤ የሚያዝዝ ጌታ፣ የሚሠራ ማኅበር፣ የሚተላለፍ ትምህርት ያስፈልገዋል።

ስለ መካነ ሥላሴ ደግሞ ያልተጠበቀ ምስክር አለን። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ የጻፈው ሺሃብ አድ‑ዲን፣ አረብ ፋቂህ የሚባለው፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከመቃጠሏ በፊት በወርቅና በብር አጊጣ እንደ ታየች ይተርካል። ኢማሙ ከእርሱ ጋር የነበሩትን ዐረቦች ጠርቶ፣ በሩም ይሁን በህንድ ወይም በሌላ አገር ይህን የመሰለ ሕንፃ እንዳለ ጠየቃቸው፤ እነርሱም እንዲህ ያለ አይተንም ሰምተንም አናውቅም አሉት። ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ የብዙ አገር ሥራ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ወዳጆችም አልነበሩም። እኛ ዛሬ ሕንፃውን ለህንድ ወይም ለሩም ለመስጠት ስንቸኩል፣ እነርሱ በዐይናቸው አይተው ለማንም አልሰጡትም።

መርጡለ ማርያምም በዚያው በ1530ዎቹ ጦርነት ጠፋች። ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ ነገሩን ያወሳሰበው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በጎጃም የካቶሊኮች ጠባቂ በነበረበት ጊዜ፣ ኢየሱሳውያን ወደ መርጡለ ማርያም መጡ። ጣሊያናዊው አባ ብሩኖ ብሩኒ በ1620ዎቹ መጨረሻ በፍርስራሹ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ሱስንዮስ በ1632 ለኦርቶዶክስ ሃይማኖት ዐወጀ፤ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ብሩኒም በ1640 በትግራይ ተገደለ። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ፍርስራሽ የሁለት ሕንፃዎች ቅሪት ነው። ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎብኝቶት መግለጫውን በ1847 ለንደን ላይ ካሳተመበት ጊዜ ጀምሮ የቱ ክፍል የማን ነው የሚለው ክርክር አልተቋረጠም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ጥርበቱ የእሌኒ ነው፤ የቆመው ግድግዳ በብዙ ክፍሉ የብሩኒ ነው። ሦስት ነገሮች ወደዚህ አድርሰውኛል። አንደኛው አስቀድሜ የተናገርሁት ዝምድና ነው፤ ኢየሱሳውያን በመካነ ሥላሴ አልገነቡም፤ ያች ከተቃጠለች ዘጠና ዓመት አልፎ ነበርና። ሁለተኛው፣ ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው በጻፏቸው መጻሕፍት የቀደመውን ሕንፃ አሠራር ያደንቃሉ፤ የገዛ ሥራቸውን ለሌላ ዘመን መስጠት ልማዳቸው አልነበረም። ሦስተኛው ኖራ ነው። በ1620ዎቹ ከህንድ የመጣ ግንበኛ የኖራን አዘገጃጀት በአገሩ እንዳስጀመረ ጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ በጎርጎራና በጣና ዙሪያ የሠሯቸው ሕንፃዎች በኖራ የተያያዙ ናቸው። ነገር ግን ኖራ የሚነግረን ድንጋዮቹ መቼ እንደ ተያያዙ ነው፤ መቼ እንደ ተጠረቡ አይነግረንም። የቀደመ ጥርብ ድንጋይ በኋለኛ ኖራ ሊያያዝ ይችላል። ፍርስራሹን «የፖርቱጋል ቤተ ክርስቲያን» ብለው የሚጠሩት መግለጫዎች ሁሉ ይህችን ቀላል ልዩነት ዘለዋታል።

«እሺ፣ የእሌኒ ነው እንበል፤ የጠረበው ግን የውጭ ሰው ሊሆን አይችልም?» ትሉኛላችሁ። ይችላል። በዚያ ዘመን የውጭ ሰው በቤተ መንግሥት አይጠፋም ነበር። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በ1480ዎቹ ገደማ መጥቶ እዚሁ አረጀ፤ አልቫሬዝ አግኝቶታል። ሥራዎቹ ከደረሱን ስፍራዎች አንዱ ጎጃም ነው፤ ዳያና ስፔንሰር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቅዱስ ሉቃስ ናቸው የሚባሉትን ሥዕሎች ፍለጋ በእነዚህ የምሥራቅ ጎጃም አድባራት ስትዘዋወር የብራንካሊዮንን ሥራ እንደገና አግኝታዋለች። ይህ ሰው እዚህ መርቆሬዎስ ተባለ። የሥዕሎቹ መግለጫ በግእዝ ተጻፈ። የሣለው ካህናቱ ያዘዙትን ቅዱስ፣ በሚያውቁት ልብስና ታሪክ ነው። ቬኒስ ቢመለስ ኖሮ ሥዕሉን የሚገዛው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእጁ ትውልድ ሥዕሉን ቬኒሳዊ አላደረገውም።

ወደ ጽጌያቱ ልመለስ፤ ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ የገፋፉኝ እነርሱ ናቸውና። የውጭ አጥኚ በድንጋይ ላይ ጽጌ ሲያይ የአውሮፓን ወይም የእስላምን ጌጥ ያስታውሳል፤ የተማረው እርሱን ስለሆነ አይፈረድበትም። በደብረ ወርቅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች ያደገ ሰው ግን ጽጌ ሲል ሌላ ነገር ይሰማል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ነው፤ በዚያ ወቅት ሌሊቱን የሚዜመው ማኅሌተ ጽጌ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለአባ ጽጌ ብርሃንና ለደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያም የሚሰጠው ድርሰት፣ ማርያምንና ልጇን በአበባ ይመስላል። ዘርአ ያዕቆብ የማርያምን በዓላት በሕግ ያጸና ንጉሥ ነው፤ እሌኒ የኖረችው በዚያ ቤት ነው። ለእርሷም የምስጋና ድርሰቶች ይሰጧታል። የማርያም አዳራሽ የተባለ ሕንፃ በጽጌ ሲሸፈን፣ ጽጌው ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል። ከሐረግ ጋርም ዝምድና አለው፤ የብራና መጽሐፍ አናቱ ላይ የሚሣለው ጥልፍልፍ ሐረግና የድንጋዩ ጉንጉን ለአንድ ዐይን የተሠሩ ናቸው። ቅርጹ ከግብፅም ይምጣ ከህንድ፣ እዚህ ሲደርስ የሚጠብቀው ንባብ ነበር። የሞኑ ቀራጭ ሁለተኛዋን እጅ እንዳነሣት፣ የእኛም ሰው የተቀበለውን አበባ ወደ ማኅሌቱ አስገብቶታል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? በዚህ ዘመን ቅርስ የእከሌ ነው፣ የእከሌ አይደለም በሚል ክርክር ብዙ ይባክናል፤ አንዳንዴም ክርክሩ ከቃል ያልፋል። መርጡለ ማርያምን ለአንድ ወገን ብቻ ልስጥ የሚል ሰው ምን እንደሚያደርጋት አላውቅም፤ የሀድያ ገራድ ልጅ፣ በጎጃም ግዛቷ፣ በጎጃም ወርቅ፣ ከወሎና ከሸዋ ጋር በሚጋሩት ሥልት ያሠራቻት ናት፤ በላይዋም የጣሊያናዊ መነኩሴ ኖራ አለ።

ለታሪክ ተማሪዎች የቀረኝ ነገር ተግባራዊ ነው። በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚቀርቡልንን ጽሑፎች ተመልከቱ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በደብዳቤ፣ በመዝገብ ቤት ሰነድና በቃለ መጠይቅ ላይ የቆሙ ናቸው። ድንጋይ የሚለካ የለም። በመርጡለ ማርያም እያንዳንዱ ጥርብ ድንጋይ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ርዝመቱና ቁመቱ ተለክቶ፣ ያለበት ቦታ በንድፍ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ከየትኛው ግድግዳ እንደ ወደቀ ካልተጻፈ ምስክርነቱ ግማሽ ይሆናል። በጥርብ ድንጋዮቹ ጀርባ የቀደመ ጭቃ ከኖራው ሥር ካለ፣ እርሱ ብቻውን ከእኔ ክርክር የበለጠ ይናገራል። ጽጌያቱን በቅጠላቸው ብዛትና በአቀራረጻቸው መድቦ ከመካነ ሥላሴና ከዳይ ጊዮርጊስ ጋር ማስተያየት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው። የደብሩን አስተዳደር ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ሽማግሌዎቹንና ካህናቱን አክብሮ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ድንጋዮቹ ከየት ተነሥተው የት እንደ ተቀመጡ የሚያስታውሱ አሉ። ዝናቡ ሳይገባ፣ በበጋው ወራት ቢጀመር ይሻላል፤ የእነብሴ ክረምት ለመለኪያ ገመድም ለወረቀትም አይመችም።